ሞዴሉ ያልተጻፈበት ጥያቄ

ማናሴ ሞቶ የተገኘው ሰኞ ጠዋት፣ አዳማ ውስጥ ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ጀርባ በተከራያት ጠባብ የጥገና ክፍል ነው። ክዳኑ በተነሳ አምፕሊፋየር ላይ ተደፍቷል። የቀኝ እጁ ጣቶች ጠቁረዋል። የአምፕሊፋየሩ ገመድ ግድግዳው ላይ እንደተሰካ ነበር።

መርማሪዋ ኢንስፔክተር ፎዚያ ስትደርስ አስከሬኑን ያገኘው ጉተማ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ነበር። ጉተማ ገበያው ዳር የኤሌክትሮኒክስ መለዋወጫ ይሸጣል።

«አከም ቡልተን» ብሎ በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጣት፣ ብድግ ብሎ።

«ነጋ። ተቀመጥ። እንዴት አገኘኸው?»

«ግሩፓችን ውስጥ ሰው ሲጨነቅ ነው የመጣሁት። ‹ማናሴ ዛሬ ለምን ዝም አለ?› ይላሉ። እሱ ሳይመልስ ያደረበት ቀን የለም።»

ግሩፑ ቴሌግራም ላይ ያለ የድምፅ ሠራተኞች መሰባሰቢያ ነው። የቤተ ክርስቲያን ሚክሰር የሚያንቀሳቅሱ፣ ሠርግ ላይ የሚያጫውቱ፣ መኝታ ቤታቸው ውስጥ ዘፈን የሚቀዱ፣ አራት ሺህ ሰዎች አሉበት። ማናሴ መሠረተው፤ ጉተማ ያግዘው ነበር። ዕቃ የተበላሸበት ይጠይቃል፣ ማናሴ ይመልሳል። ስድስት ዓመት እንዲህ ኖረ።

«ጎረቤቶቹስ?»

«ስሙን እንኳ የሚያውቁ አይመስለኝም።»

አብሯት የመጣው ፖሊስ «የሙያ አደጋ ነው፣ ኢንስፔክተር» አለ። ፎዚያ ግን ገመዱን እያየች ቆመች።

«ማናሴ ዕቃ ሲከፍት ምን ያደርግ ነበር?» አለችው ጉተማን።

«መጀመሪያ ገመዱን ይነቅላል። ብቻውን ከሆነ ጫፉን ጭኑ ላይ ያስቀምጠዋል። ሰው ካለ ‹ያዝልኝ› ብሎ ለሰው ይሰጣል፣ ማንም ተሳስቶ እንዳይሰካው።» ወደ ተሰካው ገመድ ተመለከተ። «ገመድ ለመያዝ ብቻ የጠራኝ ቀንም ነበር። ሰው ናፍቆት እንደሆነ ይገባኝ ነበር። ሁልጊዜ ግን አልመጣሁም።»

ፎዚያ ጠረጴዛው ላይ ክፍት የሆነውን ላፕቶፕ አየች። የማናሴ የመጨረሻ መልእክት የተላከው እሑድ ልክ ከቀኑ አስር ሰዓት ላይ ነው። ላፕቶፑን ይዛ ወደ ቢሮዋ ሄደች፤ እስኪመሽ ድረስም ማናሴ የጻፈውን ሁሉ ወደ ኋላ እየሄደች አነበበች። በገና ዕለት ሠላሳ አንድ ጥያቄ መልሷል። በዚያ ቀን እንኳን አደረሰህ ያለው አንድም ሰው አልነበረም።

ከግሩፑ አናት ላይ እሱ የጻፈው ደንብ ተለጥፏል፦ «የዕቃህን ሞዴል ጻፍ። የጀርባውን ፎቶ ላክ። የሞከርከውን ተናገር። ‹አስቸኳይ› አትበል፤ ሁሉም ቸኩሎ ነው የመጣው። ስታስተካክል ተመልሰህ ንገረን፤ ነገ ሌላው ይማርበታል።»

በማግስቱ ማናሴን በአካል ከሚያውቁት ጥቂት ሰዎች ሁለቱን አስጠራች። መጀመሪያ የገባችው ቢሊሴ ናት፣ በኩየራ ከተማ የመዘምራን ድምፅ የምትቆጣጠር የሃያ አራት ዓመት ወጣት። ባለፈው ሳምንት ማናሴ ከግሩፑ አስወጥቷታል።

«ለምን አስወጣሽ?»

«አንዱን ጥያቄ በአንድ ቀን አምስት ጊዜ ጻፍኩ። መልስ ሲዘገይ በግል ደወልኩለት፣ ደጋግሜ። በስንት ሰው መሀል ተቆጣኝ።» አንገቷን ደፋች። «እውነቱን ነው። እሑድ የመጣሁት ይቅርታ ልጠይቀው ነው። ሚክሰሬን የሠራልኝ ጊዜ ክፍሉን አይቼዋለሁ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንኳኳሁ፤ የከፈተልኝ የለም።»

«ከዚያስ?»

«መናኸሪያ ሄጄ እስከ አስራ አንድ ሰዓት ተቀመጥኩ።»

«ያየሽ ሰው አለ?»

«ማን ልብ ብሎ ያየኛል?»

ቀጥለው የገቡት አቶ ኃይለየሱስ ናቸው፤ ለአዳራሽና ለሠርግ የድምፅ መሣሪያ የሚተክሉ፣ ሱፍ የለበሱ የሃምሳ ዓመት ሰው።

«እሑድ የት ነበሩ?»

«ከስምንት ሰዓት ተኩል ጀምሮ ሞጆ፣ ሠርግ ላይ። ሁለት መቶ ሰው ይመሰክርልኛል። ደግሞስ ማናሴ አስር ሰዓት ላይ ለሰው መልስ እየሰጠ ነበር እኮ! ግሩፑ ውስጥ ያለ ሁሉ አይቶታል።»

«እውነት ነው» አለች ፎዚያ፤ አመስግናም ሸኘቻቸው።

ረቡዕ ጠዋት ጉተማን፣ ቢሊሴንና አቶ ኃይለየሱስን የማናሴ ክፍል ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ከጠረጴዛው ጋር አንድ በርጩማ ብቻ ስለነበር ሁሉም ቆሙ። ሁለት ፖሊሶች በሩን ያዙ።

«ማናሴ በአደጋ አልሞተም» አለች። «እጁን አምፕሊፋየሩ ውስጥ ሲያስገባ ገመዱ ተነቅሎ ነበር። ብቻውን ቢሆን ጫፉ ጭኑ ላይ ይገኝ ነበር። ግድግዳው ላይ ከተሰካ ግን አንድ ሰው አብሮት ነበር ማለት ነው። ማናሴ ‹ያዝልኝ› ብሎ ሰጠው። ያ ሰው ሰካው።»

ቢሊሴ አፏን በእጇ ከደነች።

«መቼ? ሁላችሁም ከአስር ሰዓት በኋላ ነው ትላላችሁ፤ አስር ሰዓት ላይ ጽፏልና። እስቲ የጻፈውን እንይ።» ላፕቶፑን አዞረችላቸው። «አንድ የአቦምሳ ሰው ሰባት ሰዓት ከአርባ ላይ እንዲህ ብሎ ጠየቀ፦ ‹ማጉያዬ ያጉረመርማል፣ አስቸኳይ እርዱኝ!› መልሱ፦ ‹የመሬት ሽቦውን እየው፣ ወንድሜ።› ጉተማ፣ ይሄ ምኑ ነው የሚገርመው?»

ጉተማ ጎንበስ ብሎ ሁለት ጊዜ አነበበ።

«ሞዴሉን አልጠየቀውም» አለ በቀስታ። «ፎቶም የለም። ማናሴ ሞዴሉ ላልተጻፈ ጥያቄ መልስ አይሰጥም።»

«ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ጊዜ እንኳ አልሰጠም። እኔ አንብቤዋለሁ። እንግዲህ ይህን የጻፈው ማናሴ አይደለም። ሙያውን የሚያውቅ፣ ደንቡን ግን አንብቦ የማያውቅ ሰው ነው። ለመሆኑ አንድ መልእክት አሁን ተጽፎ በኋላ እንዲላክ ማድረግ ይቻላል?»

«በደንብ። ሰዓቱን ትሞያለሽ፣ በሰዓቱ ራሱ ይሄዳል።» ደነገጠ። «ይቅርታ፣ ይሞላሉ።»

«ምንም አይደል። ስለዚህ ማናሴ የሞተው ከአስር ሰዓት በፊት ነው፤ ቢሊሴ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስታንኳኳም በሕይወት አልነበረም። አሁን አንድ ነገር እንጠይቅ፤ ይህ የአስር ሰዓት መልእክት የሚጠቅመው ማንን ነው? ቢሊሴ በአስር ሰዓት መናኸሪያ ብቻዋን ነበረች። ጉተማ እንደነገረኝ ሱቁን ዘግቶ ቤቱ ተኝቶ ነበር። ምስክር የላቸውም፤ መልእክቱ ይጎዳቸዋል እንጂ አይጠቅማቸውም። በዚያ ሰዓት ሁለት መቶ ምስክር የነበረው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የአቦምሳው ጥያቄ ከመጣ በኋላም እስከ ስምንት ተኩል ሞጆ ለመድረስ በቂ ጊዜ ነበረው።»

«እኔ ማናሴን ለምን እገድላለሁ?» አሉ አቶ ኃይለየሱስ። «ምን አጣልቶን?»

«ባለፈው ወር ‹ዳመና› በሚል ስም አንድ ሰው ግሩፑ ውስጥ ጠየቀ፦ ‹አዳራሽ ውስጥ ዘፋኞቹን ማይኩ ይነዝራቸዋል።› ማናሴ ሲጠይቀው ሞዴሉን ጻፈ፣ ፎቶም ላከ። ማናሴ እንዲህ መለሰ፦ ‹እስክታስተካክለው ድረስ ማንም እንዳይዘፍንበት። ስትጨርስ ተመልሰህ ንገረኝ።› ዳመና አልተመለሰም። በአራተኛው ቀን ሞጆ ውስጥ አሰለፈች የምትባል ዘፋኝ ማይክ እንደጨበጠች ወደቀች። ልቧ ነው ተብሎ ተቀበረች። ትናንት ማታ ፎቶውን ይዤ አዳራሹ ድረስ ሄጄ ነበር፤ ግድግዳው ያው ነው። መሣሪያውን የተከሉት እርስዎ ነዎት።»

«ዳመና የሚባል ሰው አላውቅም!»

ፎዚያ ስልኳን አወጣች። ለዳመና «ተመልሰህ ንገረን» ብላ ጻፈችና ላከች።

ከአቶ ኃይለየሱስ የደረት ኪስ ስልክ ተንጫረረ።

እጃቸው ወደ ኪሳቸው ሄዶ መንገድ ላይ ቀረ። ከዚያ በርጩማው ላይ ቁጭ አሉ።

«ፎቶውን አይቶ አወቀኝ» አሉ። «ለማንም አልተናገረም ነበር። ‹እርስዎው ሄደው ለአሰለፈች እናት ይንገሩ፣ አብሬዎት እሄዳለሁ› አለኝ። ልለምነው መጣሁ። ‹እሺ፣ እስኪወስኑ ይቺን ላስተካክል› ብሎ ገመዱን ሰጠኝ።» ፊታቸውን ሸፈኑ። «እንዲያ አምኖ ሰጠኝ።»

ፖሊሶቹ ይዘዋቸው ወጡ።

ማናሴ አዳማ ውስጥ ዘመድ አልነበረውም። ጉተማ የቀብሩን ቀንና ሰዓት ግሩፑ ላይ ጻፈ። ሐዘናቸውን የገለጹ ከሺህ ይበልጣሉ፤ ሐሙስ ዕለት የመጡት ግን ዘጠኝ ነበሩ። ከተለያየ ከተማ የመጡ፣ እርስ በርስ የማይተዋወቁ፣ እዚህም እዚያም ተነጣጥለው የቆሙ። ፎዚያም ከቢሮ ፈቃድ ጠይቃ ከኋላ ቆማለች።

አንዲት ከሻሸመኔ የመጡ አሮጊት ወደ ጉተማ ቀረብ አሉ። የደብራቸውን ድምፅ ማጉያ ማናሴ ከሩቅ አሠርቷቸዋል።

«ልጄ፣ ፎቶው አለህ? መልኩን አይቼው አላውቅም።»

ጉተማ ሌላ አላገኘምና የማናሴን የቀበሌ መታወቂያ ከኪሱ አወጣ። ሴትዮዋ ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ብዙ ቆዩ።

«ውይ» አሉ። «ወጣት ነው ለካ። እኔ እኮ አባባ እያልኩት ነበር፤ አንድ ቀን አይደለሁም አላለኝም።»

መታወቂያው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ዘጠኙም ተራ በተራ አዩት።