የባለመስታወቷ ቤት

ባለመስታወቷ ከደረጃው ሥር በጀርባዋ ተንጋላለች፤ አንገቷ መዞር በማይገባው በኩል ዞሯል። አንዱ ነጠላ ጫማዋ እግሯ ላይ ነው፤ ሌላው ላይኛው ደረጃ ላይ ቀርቷል።

ባልደረቦቿ «መርፌ» የሚሏት መርማሪ አስከሬኑን በአንሶላ አስሸፍና ቀና ስትል፣ የገዛ ፊቷ ከሦስት ግድግዳ አፈጠጠባት። ሠላሳ ዓመት ከሬሳ ጋር ስትውል እንዲህ የሰቀጠጣት ቀን ትዝ አይላትም።

ቤቱ መስታወት በመስታወት ነው። ሟቿ መስታወት የምትወደው ግን ለመልኳ አልነበረም። ከዕቃ ማጠቢያው በላይ የሰቀለችው፣ ሳህን የሚያጥብ ሰው ከኋላው ያለውን የጓሮ ዛፍ እያየ እንዲደሰት ነው። ከምድጃው አጠገብ ያለው ደግሞ ድስት የሚያማስል ሰው ለእንግዳ ጀርባውን ሰጥቶ እንዳይቀር ነው። በዚህ ቤት ሰው ሲጠሩት አንገቱን አያዞርም፤ መስታወት ውስጥ ያያል።

አብረዋት የሚኖሩት ታናሽ ወንድሟና ከዓመታት በፊት የሞተችው እህታቸው ልጅ ነበሩ። ልጅቷ ልብስ ሰፊ ናት። አሁን በካቴና ታስራ ጓዳው ደጃፍ ላይ ተቀምጣለች። ያሳሰራት የአጎቷ ቃል ነው።

«ከስምንት ሰዓት ጀምሮ ከዚች ወንበሬ አልተነሣሁም» አለ ወንድምየው፣ ሳሎን ውስጥ ቆሞ የቆዳ ወንበሩን መደገፊያ እየመታ። «ዘጠኝ ሰዓት ላይ የኮሪደሩን መስታወት ሳይ፣ ሁለቱም ደረጃው ጫፍ ላይ ቆመዋል። ከዚያ ይቺ ገፋቻት! በዓይኔ በብረቱ ነው ያየሁት!»

«ለምን ትገፋታለች?»

«ቤቱን አወርስሻለሁ ብላታለች። መጠበቅ አቃታት።»

«ወንበሩ ላይ ሌላ ሰው ይቀመጣል?»

«ማን ደፍሮ! ሃያ ዓመት የኔ ነው። አይዞሽ፣ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።»

«ውሸትና ስንቅም እያደር ይቀላል ይባላል» አለችና ወደ ጓዳው ሄደች።

ጓዳው መስኮት የለውም፤ አምፖሉም አልበራም። ሆኖም የስፌት መኪናው ላይ መሐረብ የምታክል ብርሃን አርፋለች።

«እየሰፋሽ ነበር፣ ልጄ?»

«አዎ። መኪናው ይጮኻል፤ የመውደቋን ድምፅ ብቻ ነው የሰማሁት። ሮጬ ወጥቼ ላይዋ ላይ ወደቅሁ። ቀና ስል ጋሼ አጠገቤ ቆመው ‹ገደልሻት› ይላሉ።»

«ከየት መጡ?»

«እኔ እንጃ። ይሰቅሉኛል?»

መርማሪዋ ብርሃኗን ተከትላ ወደ ኮሪደሩ ወጣች፤ መስታወቱን በቅርብ መረመረች፤ ብሎኖቹ ላይ ያለው ቀለም አዲስ ነው። ከዚያ ሳሎኑ ባዶ መሆኑን አይታ የተከለከለው ወንበር ላይ ተቀመጠችና ቀና አለች። ብዙ አልቆየችም። የቤቱን መስታወት የሚሰቅለውን መስታወት ሠሪ አስጠራች፤ ሰውየው እየተቻኮለ መጣ።

«እኔ ምን አጠፋሁ? ዛሬ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ መጣሁ፣ አምስት ሰዓት ሳይሞላ ወጣሁ። በቃ!»

«ኋላ እጠይቅሃለሁ። ሳሎን ግባ።»

ሁሉም ተሰበሰቡ። ልጅቷን ፖሊሱ ደግፎ አስገባት።

«ይቀመጡ እንጂ፣ ወንበርዎ ነው» አለች መርማሪዋ ለወንድምየው። «ገዳይዋን ያዩበትን መስታወት ያሳዩን።»

ተቀመጠ። «ይኸው ደረጃው...» ብሎ ጣቱን ቀሰረ። ጣቱ አየር ላይ ቀረ። መስታወቱ ውስጥ ደረጃ የለም። መስኮትና ቁራሽ ሰማይ ብቻ ነው የሚታየው።

«ወድቃ ስትመጣ... ነክታው ይሆናል!»

«መስታወት ሠሪው፣ አንተ ንገራቸው።»

«አይነካም። ጠዋት እትዬ አዙርልኝ ብለውኝ አዙሬ በአራት ብሎን አሰርኩት፤ ብሎኑ ላይ ቀለም ቀባሁ። የነካው ካለ ቀለሙ ይሰነጠቃል።»

«አይቼዋለሁ፤ አልተሰነጠቀም።» መርማሪዋ ወደ ወንድምየው ዞረች። «እንግዲህ ከስምንት ሰዓት ጀምሮ እዚህ ቢቀመጡ ኖሮ የሚያዩት ሰማይ ነበር። ሃያ ዓመት ያዩትን ተናገሩ፤ መስታወቱ መዞሩን አላወቁም። አለማወቅዎ ዛሬ ወንበሩ ላይ እንዳልተቀመጡ ይመሰክራል። ታዲያ የት ነበሩ? ልጅቷ ከጓዳ ስትወጣ አጠገቧ የደረሱት ከየት ነው? ከደረጃው ላይ ወርደው ነዋ! ልጅቷን መክሰስዎም ያለ ነገር አይደለም፤ ገዳይ የገደለውን አይወርስም። እሷ ከታሰረች ቤቱ የማን ነው?»

ፊቱ አመድ መሰለ። ከዚያ ድንገት ጮኸ፦ «ወንድሟ በቁሜ እያለሁ ለእህት ልጅ? ለእህት ልጅ ልታወርስ!»

ከዚህ ወዲያ የሚጠየቅ አልነበረም። ፖሊሱ ካቴናውን ከልጅቷ እጅ ፈትቶ በአጎቷ እጅ ላይ ቆለፈው። ሲወስደው፣ ሰውየው በየመስታወቱ ሲያልፍ አንዴም ቀና አላለም።

ልጅቷ ወደ ጓዳው ተመለሰች። ብርሃኗ ከመኪናው ጫፍ ልትወርድ ትንሽ ቀርቷታል።

«ዓይንሽ ይጠፋል ብላ ነው መስታወቱን ወደዚህ ያስዞረችልኝ» አለች። «‹ምን ያደርግልኛል፣ አምፖል አለ አይደል?› አልኳት። አመሰግናለሁ እንኳ አላልኳት።»

መርማሪዋ አቅፋት አብራት አለቀሰች። ልጅቷ እጇን ብርሃኗ ላይ ዘርግታ እስክትጠፋ ድረስ ሳታነሣ ቆየች።