ሳይደርቅ የተረገጠ

«ይሄን ፓርኬ የሠራው አናጢ ነው ወይስ የቤቱ ጠላት?» አለ በፓርኬው ቦታ ሴራሚክ ሊለጥፍ የመጣው ሠራተኛ። አንዱን ጣውላ በመፈንቀያ አላቀቀና ገልብጦ አየው። «ለአንዲት ጣውላ ስድስት ሚስማር! ወለል ሳይሆን ጃርት ነው የሠራው።»

እናትየዋ መስኮቱ አጠገብ ቆማ፣ የሴራሚኮቹ ቀለም እንዳይለያይ በየካርቶኑ ላይ የታተመውን ቁጥር ታመሳክር ነበር። ቀናም አላለችም።

የአሥራ አምስት ዓመቷ ልጇ ግን ደሟ ፈላ። «የሠራው አባቴ ነው» አለች። «መምህር ነበር።»

«ነፍስ ይማር» አለ ሰውዬው። «እጁ ለጠመኔ እንጂ ለመዶሻ አልተፈጠረም ነበር።»

ልጅቷ ወደ እናቷ ዞረች። አባቷ በአንድ የእረፍት ወር፣ ጉልበቱ እስኪላጥ ተንበርክኮ የሠራው ወለል ነው። ከሞተ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። አሁን እናቷ አንድ ነገር ትላለች ብላ ጠበቀች።

«ቁጥሩ አንድ ነው» አለች እናቷ ካርቶኑን እየዘጋች። «መቀጠል ትችላለህ።»

ልጅቷ ወጥ ቤት ድረስ ተከትላት ገባች።

«ሙድ ሲይዝበት ዝም አልሽው!»

«እጁን ነው የቀጠርኩት፤ አፉን አይደለም።»

«ደህና ነበር እኮ ወለሉ! ቢቀር ቢቀር የእንጨት መልክ ያለውን እንምረጥ ስልሽ፣ ግራጫ! ልክ እንደ ባንክ ቤት!»

«ሴራሚክ ሴራሚክ ነው። እንጨት ማስመሰል አልወድም።»

«መጀመሪያስ ለምን አስነቀልሽው?»

እናቷ እጇን ስትታጠብ ቆየች። «አርጅቷል» አለች።

«ውሸት!»

«ድምፅሽን ቀንሺ።»

አሥር ሰዓት ላይ ሠራተኛው ሳሎኑን ጨረሰና በሩ ላይ ገመድ ወጠረ።

«እስከ ነገ በዚህ ሰዓት ድመት እንኳ እንዳትረግጠው። ከሥሩ ያለው ማጣበቂያ ገና ሊጥ ነው። በጓሮ በር ዙሩ።» ልጅቷን አየት አደረጋት። «በተለይ አንቺ። ዓይንሽ አላማረኝም።»

«የእርስዎም አላማረኝም» አለችው። «እርስዎ» የሚለው ከአፏ እንደ ስድብ ወጣ።

እሱ ሄደ፤ እናቷም ወደ ገበያ ወጣች። ልጅቷ ገመዱ ፊት ቆመች። ወለሉ ያበራል። አንድ እንኳ ከፍ ዝቅ ያለ ቦታ የለውም። የሚያናድደውም ይኸው ነው፤ ሰውዬው ልክ ነበር። ሰው ሁሉ አይቶ «እንዴት ያምራል!» ሊል ነው። ቢያንስ አንድ ቀን የእሱም እጅ ይሰደብ!

ገመዱን አንስታ ጎንበስ ብላ ገባች። የመጀመሪያውን ሴራሚክ ማዕዘኑ ላይ በተረከዟ ተጫነችው። ከፀጉር ባልበለጠ ሰመጠ፤ በመጋጠሚያው ግራጫ ሊጥ ብቅ አለ። በካልሲዋ ጠረገችው። ሁለተኛውን ረገጠች። ሦስተኛውን። አራተኛውን፣ በሩ ሥር ያለውን፣ ስትወጣ ረገጠችው። ከሩቅ ሲታይ ምንም የተለወጠ ነገር የለም።

በማግስቱ ሠራተኛው ተንበርክኮ በመዶሻው እጀታ እያንዳንዱን ሴራሚክ ያንኳኳ ጀመር። ድፍን፣ ድፍን፣ ድፍን። ከዚያ እንደ ባዶ ጣሳ የሚጮህ መጣ። እጁ ቆመ። ጥቂት ፈልጎ ሌላ ሁለት አገኘ።

«እትዬ፣ ይሄ ተረግጧል።»

እናትየዋ ወደ ልጇ ዞረች። «ረግጠሻል?»

«አልረገጥኩም።»

«ሰማህ» አለች እናትየዋ። «በደንብ አልለጠፍከውም።»

ሰውዬው አንዱን ፈንቅሎ ጀርባውን አሳየ። «ይዩት፤ ማጣበቂያው ከዳር እስከ ዳር ሞልቷል። ጎድሎ ቢሆን ጥፋቱ የኔ ነበር። ይሄ ግን ሳይደርቅ የሆነ ነገር ተጭኖት አላቆታል።»

«እኔ ስለ ማጣበቂያ አላውቅም፤ ልጄን ግን አውቃታለሁ። ትቆጣለች፣ ትጮኻለች፤ አትዋሽም!» ድምፅዋ ግድግዳውን መታው። «በራስህ ስንፍና ልጄን አትወንጅል! ዕቃህን ሰብስብ። ለጎረቤቴም እነግራታለሁ፤ ሰኞ እሷ ቤት የምትጀምረውን ሥራ እንዳትሰጥህ።»

ትናንት ለአባቷ ያልወጣው ድምፅ ዛሬ ለልጅቷ ወጣ። ለውሸቷ።

«ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ» አለ ሰውዬው። ከእንግዲህ አይቀልድም። «አፌ ክፉ ነው፤ ሚስቴም ትለኛለች። እጄን ግን እስከ ዛሬ ማንም ተናግሮት አያውቅም።»

ውሃ ልኩን በጨርቅ ጠርጎ ከረጢቱ ውስጥ ከተተ። መዶሻውንም ከተተ። ልጅቷ የተመኘችው ይህንኑ ነበር።

«እማዬ፣ እኔ ነኝ።»

ሁለቱም አዩዋት።

«እኔ ነኝ የረገጥኩት። አውቄ ነው።»

«ይኸው!» ሰውዬው ከረጢቱን መሬት ላይ ጣለው። «ይኸው እንግዲህ! እና አሁን ምን ላድርግልሽ? ላጨብጭብልሽ?»

እናቷ አልጮኸችም። ያ ነው የከፋው። ጎረቤቷን እንደማታናግር፣ ሥራውንም እንዲጨርስ ለሰውዬው ነገረችው፤ ይቅርታም ጠየቀችው፤ በአጭሩ፣ እንደ ትልቅ ሰው። ከዚያ ልጇን ሳታይ እንዲህ አለች፦

«ትናንት ለምን አስነቀልሽው ብለሽኝ ነበር። ጣውላው እግር ሲያርፍበት ይጮኻል። በጮኸ ቁጥር እሱ መስሎኝ በሩን አያለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ። አልቻልኩም።»

ወጣች። ልጅቷ ልትከተላት አንድ እርምጃ ተራመደች፤ ግን የመኝታ ቤቱ በር ተዘጋ።

ሰውዬው እያጉረመረመ ሦስቱን ሴራሚኮች አነሳ፣ ሥራቸውን ፋቀ፣ አዲስ ማጣበቂያ ቀባ። እሷ ግድግዳውን ተደግፋ ታየዋለች። ሦስት ነው ያገኘው፤ የረገጠችው አራት ነው። በሩ ሥር ያለውን ሁለት ጊዜ ቢያንኳኳውም ድፍን ነው የሚጮኸው። ዛሬ ድፍን ነው። ሰው ሲመላለስበት ከርሞ ይሰነጠቃል፤ ያኔ እናቷ የምትረግመው ይህን ሰውዬ ነው፤ ወይም ማንንም አትረግምም፣ ዝም ብላ ታየዋለች።

«ጨረስኩ» አለ። «ደግሞ ዛሬ ብትረግጪው፣ እግርሽን አብሬ ነው የምለጥፈው! አሁን ከፊቴ ጥፊ።»

መሄድ ትችል ነበር። በሩ ሥር ሄዳ ቁጢጥ አለችና ጣቷን ሴራሚኩ ላይ አሳረፈች።

«ይሄም አለ» አለች።