እንፋሎት የሚያሳልፍ ጨርቅ

ዘሚራ እባላለሁ። ምላሷ ስለት ነው ይሉኛል፤ አልክድም። ከአብዱራዛቅ ጋር ያጣላኝም ይኸው ምላሴ ነው።

ቢቸና ውስጥ የቀዶ ሕክምና ነርስ ነኝ። ቤታችን ከምሠራበት ሆስፒታል አጥር ሥር ነው፤ ከአጥሩ ወዲያ ደግሞ ቆሻሻ የሚቃጠልበት ጉድጓድ አለ። ያኔ ሐኪሞቹ የሚለብሱት ጋዋን፣ በሽተኛው የሚሸፈንበት፣ መሣሪያው የሚጠቀለልበት ሁሉ አንዴ አገልግሎ የሚጣል ነበር። አንድ ሰው በተቀደደ ቁጥር አንድ ጆንያ ቆሻሻ ይወጣል። ያ ሁሉ ጉድጓዱ ውስጥ ይነድና ጭሱ ቀጥ ብሎ እኛ ቤት ይገባል። አባቴ ሐጂ ሐምዱ በዚያ በኩል ያለውን መስኮት ከዘጉት አራት ዓመት አልፎ ነበር።

«ዝናሙ እንደሆነ ወቅቱን ረስቷል» ይሉኛል እያሳሉ፣ «እናንተ ደግሞ ሰማዩን ታጨሱታላችሁ። ሰው እያዳናችሁ ሰው ታስላላችሁ።»

አንድ ቀን የክፍላችንን ኃላፊ ዶክተር ስጦታውን ያዝኩት።

«ድሮ የጨርቅ ጋዋን እያጠብን፣ እየቀቀልን አልነበር የምንሠራው? ለምን አንመለስም?»

«እንመለስ» አለኝ። «ግን አንዲት ጥቅል በደንብ ሳትቀቀል ብትገኝ ነገሩ ያበቃል። ኃላፊነቱም ያንቺ ነው።»

«የኔ ይሁን» አልኩ።

ጎበዝ ሰፊ ሞጣ አለ ሲሉኝ በሚኒባስ ሄድኩ። ከገበያው ዳር፣ በአንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ፣ አብዱራዛቅ የሚሉት አንድ ቀጭን ወጣት ከስፌት መኪናው ቀና አለ። ቀና እንዳለም ቀረ።

«ምን ልታዘዝ እህቴ?»

«መጀመሪያ ዓይንህን ሰብስብ።»

«ሰበሰብኩ። ቀጥሎስ?»

«ሃያ ጋዋን፣ አርባ መጠቅለያ።»

ሳቀ። ስለ ጉድጓዱና ስለ አባቴ ሳል ስነግረው ግን ሳቁን ተወና የስፌት መኪናውን አቁሞ አዳመጠኝ። እንደዚያ አድርጎ ያዳመጠኝ ሰው አልነበረም። መሄጃዬ ሲደርስ እግሬ እምቢ አለኝ።

ከዚያ በየቀኑ ይደውላል። «እጅጌው ምን ያህል ይርዘም?» ይለኛል። ስለ እጅጌው የምናወራው ሁለት ደቂቃ ነው፤ የቀረውን ሰዓት አላህ ይወቀው። አባቴ ጠርጥረው ኖሮ አንድ ቀን ጠየቁኝ።

«ከማን ጋር ነው?»

«ከሰፊው ጋር፣ አባባ።»

«እኛ ከአያት ከቅድመ አያት ነጋዴ ነን። ልጄን ለሰፊ አልሰጥም፤ ከወዲሁ እወቂው።»

ጨርቁ ደረሰ። ጠቅልለን በእንፋሎት ጀርም የሚገድለው ማሽን ውስጥ ከተትነው። በየጥቅሉ መሐል አንዲት ወረቀት እናስቀምጣለን፤ እንፋሎቱ ከደረሳት መስመሯ ይጠቁራል። ስንፈታው ወረቀቷ እንደገባች ነጭ ናት። መጠቅለያውን ብገልጠው አራት ድርብ ወፍራም ጥጥ ነው፤ እንፋሎት አያሳልፍም። ዶክተር ስጦታው አየኝና «አሥራ አምስት ቀን እሰጥሻለሁ፤ ከዚያ ወደሚጣለው ፕላስቲክ እንመለሳለን» ብሎ ወጣ።

ስልኬን አንስቼ ለአብዱራዛቅ ደወልኩ።

«ማን ደርብ አለህ?»

«እኛ ቤት ለሚያከብሩት ሰው ጋቢ እንጂ ነጠላ አይሰጥም» አለኝ በኩራት። «ጋቢ ደግሞ አራት ድርብ ነው። ላንቺ ብዬ ነው፣ ዘሚራ።»

ይህን ቃል ስንት ቀን ስጠብቀው ነበር። የመጣው ግን በተናደድኩበት ሰዓት ነው።

«ጋቢህን ለሽማግሌ ስጥ። ወረቀቷን ባላይ ኖሮ በሽተኛ ልትገድልብኝ ነበር። አባቴም እውነታቸውን ነው፤ ሰፊ ያው ሰፊ ነው።»

ስልኩ ተዘጋ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ማታውኑ «ስስ ይሁን፤ እንፋሎት ያሳልፍ። ይቅርታ» ብዬ ጻፍኩለት። አልመለሰልኝም።

ነሐሴ ገባ። ሰኔና ሐምሌ የነፈጉንን ዝናም ነሐሴ ባንዴ አወረደው፤ ከጉንደ ወይን ወዲህ የሞጣው መንገድ ተናደ። የሚጣለውም ዕቃ ከመንገድ ቀረ፤ መጋዘናችን ባዶ ሆነ። በአሥራ አራተኛው ቀን ጠዋት አንድ ሰው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ፣ ጥቅል ተሸክሞ በር ላይ ቆመ። ከናዳው ጀምሮ በእግሩ ነው የመጣው።

«ሲስተር ዘሚራ፣ ስስ ነው» አለ። ያቺ «ሲስተር» አንጀቴን ቆረጠችው።

«በምን አወቅህ?»

«እያንዳንዱን በፈላ ድስት ላይ ዘርግቼ እጄን ከላይ አደረግሁ። ያላቃጠለኝን ሁሉ ጣልኩት።»

መዳፉን አየሁት። ቀልቶ ተላልጧል።

«ራዛቅ፣ ይቅር በለኝ።»

«መጀመሪያ ወረቀቷ ትጥቆር።»

አዲሱን ጥቅል ከትተን ማሽኑ ፊት ለፊት አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ማሽኑ አንድ ሰዓት ይፈጃል። መዳፉን ቅባት ቀብቼ ጠቀለልኩለት፤ ጨርሼም እጁን አልለቀቅሁም፤ እሱም አልወሰደውም።

ጥቅሉን ዶክተር ስጦታው ራሱ ፈታው። ወረቀቷን ወደ መስኮቱ አነሳት።

«ጠቁራለች» አለ።

እኩለ ቀን ላይ ፈንታነሽ የምትባል እናት ምጥ ጠንቶባት መጣች። በአብዱራዛቅ ጋዋን ቆመን፣ በአብዱራዛቅ ጨርቅ ሸፍነን ሴት ልጅ አወጣን። ልጅቷ ስትጮህ በሩ ላይ የቆመውን ሰው ድምፅ ሰማሁ፤ «አልሐምዱሊላህ» ይላል። ጋዋኖቹ ወደ ማጠቢያ ሄዱ።

«ጉድጓዱ ዛሬ ጾሙን ዋለ» አለ ዶክተር ስጦታው።

ጥቅምት ላይ ሦስት ሽማግሌዎች እኔን ለአብዱራዛቅ ሊጠይቁ ከሞጣ መጡ። ደንቡ ነው፤ መልስ ሳያገኙ አይቀመጡም። ትልቁ ሰውዬ ነጭ ጋቢ ለአባቴ ዘረጉ።

«ልጃችን፣ ‹ጋቢ ለሽማግሌ ነው ተብያለሁ፤ ለሐጂ አድርሱልኝ› ብሎ ነው።»

እኔ በጓዳ በር ስንጥቅ እያየሁ ከንፈሬን ነከስኩ። አባቴ ጋቢውን በእጃቸው ዳሰሱት። ከመቀመጫቸው ተነሱ፤ ጥለው የሚወጡ መሰለኝ። እሳቸው ግን ወደዚያ መስኮት ሄዱ። መዝጊያው ዝጎ ኖሮ ሁለቴ ገፍተው ከፈቱት።

ጓንትና መርፌ አሁንም በሳምንት አንዴ ይቃጠላል። ያን ቀን ግን ጭስ የለም። ከአጥሩ ወዲያ አረንጓዴ ጋዋኖች ታጥበው በረድፍ ፀሐይ ላይ ተሰጥተዋል። አባቴ አየሩን ሳቡት። ሳል ጠበቅሁ፤ አልመጣም።

«ያ የተሰጣው የማን ሥራ ነው?»

«የልጃችን ነው፣ ሐጂ።»

«ሰፊው?»

«አዎ፣ ሰፊው።»

አባቴ መስኮቱን እንደተከፈተ ተውት። ጋቢውን ትከሻቸው ላይ ጣል አደረጉና ወደ እንግዶቹ ዞሩ።

«እንግዲያው ተቀመጡ» አሉ።

ሙሽራ ለራሷ እልል አትልም ይባላል። እኔ አልኩ።