ቢጫው ምልክት ወደ ታች ነበር

ከሟቹ ራስ በላይ የተሰቀለው ባነር «ዓለም ወደ እኛ መጣ!» ይላል። ዓለም ገና አልመጣም። ይምጣ አይምጣ ገና የወሰነ አልነበረም፤ ባነሩ ግን ታትሞ፣ ተሰቅሎ፣ ዝናብም መትቶት አንድ ጎኑ ተንጠልጥሏል። ከሥሩ፣ ድሮ የአውሮፕላን ማረፊያ በነበረው ሜዳ ዳር፣ አንዲት አሮጌ የእሽቅድድም መኪና አፍንጫዋን የጎማ ክምር ውስጥ ቀርቅራ ቆማለች። ሹፌሩ ግንባሩን መሪው ላይ አስደግፎ ሞቷል። ከንቲባው ጠዋት ደርሶ መጀመሪያ ያዘዘው ባነሩ እንዲስተካከል ነው።

ሟቹ የከተማዋ ልጅ ነው። በጉብዝናው ዘመን ተወዳዳሪ ነበር፤ እግሩ ከተሰበረ በኋላ ደግሞ የዓለም አቀፉ እሽቅድድም ገምጋሚ ሆነ። አገር ላገር እየዞረ የትኛው ከተማ ውድድሩን ማስተናገድ እንደሚችል አይቶ ይናገራል። ለሚቀጥለው የውድድር ካላንደር ስማቸው ከሚነሳ ከተሞች መካከል የትውልድ ከተማው ስላለች ሊያያት መጣ። ከዚያ ወዲህ ከተማዋ እንቅልፍ አጥታለች፤ «ላም አለኝ በሰማይ» ማለት እሷ ናት። ገና ባልተሠራ ሆቴል በረንዳ ላይ ማን እንደሚቀመጥ ተጣልተው የተኮራረፉ ባልና ሚስት አሉ።

ከዋናው መሥሪያ ቤት የተላከችውን መርማሪ የሥራ ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል፤ ቀጭን ስለሆነች ሳይሆን የምትወጋው የሚያመውን ቦታ ስለሆነ። ከመኪናዋ ወርዳ ባነሩን አነበበችና ፊቷን አኮማተረች።

«ነገሩ ግልጽ ነው» አላት የጣቢያው አዛዥ። «ሽማግሌው ትዝታ ቀሰቀሰውና መኪናውን አስነሳ። ፍሬን የለውም፤ ሄዶ ተላተመ። ፍሬኑን የፈታችው ደግሞ መካኒኳ ልጁ ናት። ይዘናታል።»

«የገዛ ልጁ?»

«ልጅም ብትሆን ቸልተኝነት ቸልተኝነት ነው።»

መርፌ ወደ ሟቹ ጎንበስ አለች። መኪናው የተጋጨው በፊቱ ነው፤ የሰውየው ግንባር ግን ጭረት እንኳ የለውም። የተፈነከተው ማጅራቱ ነው። የፊት ጎማዎቹን አየች፤ ቀጥ ብለዋል። መሪውን አየች፤ ጥቁር ክብ ሆኖ ጠርዙ ላይ አንድ ቦታ ቢጫ ፕላስተር ተጠምጥሞበታል። ፕላስተሩ ከታች፣ ከሟቹ ጉልበቶች መካከል ነበር። ከዚያ አፍንጫዋን መሪው ላይ አስጠግታ አሸተተች።

«ምን ይሸታል?» አለ አዛዡ።

«ናፍታሌን። ብል እንዳይበላው ልብስ ውስጥ የሚጨመረው። መኪና ቁም ሳጥን ውስጥ ያድራል እንዴ እናንተ ጋ?»

አዛዡ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

መካኒኳ በጣቢያው የእስረኞች ክፍል ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣለች። ጥፍሮቿ ሥር የገባው ቀይ ግሪስ አልለቀቀም። መርፌ ስትገባ ተነሳችና ሳትጠየቅ ተናገረች።

«ነገ ከሰዓት ይቀበራል አሉኝ። እኔን አይለቁኝም። አባቴን ሳልቀብረው ሊቀር ነው?»

«ያ እንዳይሆን ቶሎ ቶሎ መልሺልኝ። ፍሬኑን ለምን ፈታሽ?»

«አርጅቶ ነበር፤ ልቀይረው። እሱ ደግሞ አመሻሽ ላይ ከጋራዡ በር፣ ወደ ሜዳው ከሚወርደው ቁልቁለት አፋፍ ላይ በድንጋይ አስደግፎ አቁሞት ውስጡ መቀመጥ ይወዳል። እንዳይነዳብኝ ፈርቼ መሪውን ነቀልኩት። የእሽቅድድም መኪና መሪ ይነቀላል፤ እሱ ሳይነቀል ሹፌር አይገባም፣ አይወጣም። መሪ የሌለው መኪና ውስጥ ቢቀመጥ ምን ይሆናል ብዬ...»

«መሪውን የት አደረግሽው?»

«አጎቴ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ከልብሶቹ ኋላ ደበቅሁት። ቤቱ ከጋራዡ ጋር አንድ ግቢ ነው። ለአጎቴም አልነገርኩት። አባቴ እዚያ እጁን ይሰዳል ብዬ በሕልሜም አላሰብኩ።» እንባዋ መጣ። «አገኘው ማለት ነው። በኔ ድብብቆሽ ሞተ።»

«ለምን አይሰድም?»

«የታላቅ ወንድሙ ነዋ! አጎቴ ገና በር ላይ ሲታይ ያንን አንካሳ እግሩን እየጎተተ የሚነሳ ሰው ነው። ጋሼ ሳይቀምስ አይበላም፣ ጋሼ ሳይሰማ አያወራም። ስለ ውድድሩ ምን ወሰንክ ብዬ ብጠይቀው ‹መጀመሪያ ለጋሼ፤ ከዚያ ለሌላው› ነው ያለኝ።»

«መሪው ላይ ያለው ቢጫ ምንድነው?»

«የላይኛው ጫፍ ምልክት ነው። ጎማው ቀጥ ሲል ቢጫው ከላይ ይሆናል፤ በዝናብና በጭስ መሀል ጎማው ወዴት እንደዞረ የሚታወቀው በሱ ነው። እንጂማ ክብ ነገር ነው፣ ተገልብጦም ቢሰካ ይገባል።»

«አባትሽ ሊገለብጠው ይችላል?»

ልጅቷ በዚያ ሐዘን ውስጥ ሆና እንኳ ተቆጣች። «አባቴ? ዓይኑን ቢታሰር!»

መርፌ ከጣቢያው ወጥታ ወደ ማዘጋጃ ቤት ሄደች። ከንቲባው ቢሮ ውስጥ «ካላንደር» የሚባለው የሬዲዮ ሰው እግሩን አነባብሮ ተቀምጧል። ሥራው በየጠዋቱ በመጪው ዓመት ካላንደር ላይ የትኛው ከተማ እንደሚገባ፣ የትኛው እንደሚወጣ መተንበይ ነው። ያልደረሰበትን ከተማ በቃሉ ያስገባል፣ በቃሉ ያባርራል፤ አንድም ቀን መኪና ነድቶ አያውቅም።

«አንድ ነገር ልለምንሽ» አላት ከንቲባው በሩን ራሱ ዘግቶ። «አደጋ ቢባል ማን ይጎዳል? ግድያ የሚል ቃል ከወጣ ካላንደሩን እንርሳው በቃ።»

«ልጅቷስ?»

«ልጅ ናት፤ ጥቂት ታስራ ትወጣለች። ለከተማዋ ሲባል...»

መርፌ ወደ ካላንደር ዞረች። «ዛሬ ጠዋት በሬዲዮ ‹ተመርጠናል› ብለሃል። ሟቹ ገና ሳይታጠብ።»

«ምንጭ አለኝ!» አለ ደረቱን ነፍቶ። «የአዘጋጅ ኮሚቴው ሊቀመንበር ናቸው የነገሩኝ፤ የሟቹ ታላቅ ወንድም። ትናንት ማታ ስብሰባችን ላይ ዘግየት ብለው መጡና ‹ወንድሜ አዎ ብሎኛል› አሉ። አዳራሹ በጭብጨባ ሊፈርስ ምንም አልቀረው።»

«እናንተስ የት ነበራችሁ?»

«ከጀመረ እስከሚያልቅ እዚያው!» አለ ከንቲባው። «የክብር መቀመጫ ድልድል ነበር። መድረኩ ላይ ሆነን ማን ይነሳ? የተነሳ ሰው ወንበሩ ይወሰድበታል።»

ስለ ወንበሩ ሲናገር ስለ ሟቹ ከተናገረው ይልቅ ከልቡ ነበር።

የአዘጋጅ ኮሚቴው ሊቀመንበር በውድድሩ ስም የጎረቤቱን ሁሉ መሬት ያሰባሰበ ሰው ነው፤ «ዛሬ ስጡኝ፣ ነገ በመስኮታችሁ ዓለምን ታያላችሁ» እያለ። ሰዎች አጥራቸውን በገዛ እጃቸው አፍርሰው ሰጥተውታል። መርፌ ቤቱ ስትገባ ሐዘንተኛ ከቦት ነበር። ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሷል።

«ልጄ፣ አፅናኚኝ እንጂ አትጠይቂኝ» አላት። «እኔን ሳይቀብረኝ ቀደመኝ።»

«እግዜር ያጽናዎት አባቴ። ግን ልጠይቅዎት፤ ወንድምዎ ስለ ውድድሩ ምን አሉዎት?»

«‹ጋሼ፣ ደስ ይበልህ፣ እናንተ ናችሁ› አለኝ። ደስታው ነው የገደለው። ደስ ብሎት ነዳ።»

«መሪውን ከየት ያመጡት ይመስልዎታል?»

«እኔ የመኪና ነገር አላውቅም ልጄ። መሪ ከመኪና እንደሚነቀልም የሰማሁት ዛሬ ነው። እንኳን የት እንደነበር፣ ያን ነገር በዓይኔም አላየሁት።»

መሐረብ ሊያወጣ ኮቱን ገለጥ ሲያደርግ ግራጫው ገበር ላይ ጣት የሚያህል ቀይ እድፍ ታየ። ናፍታሌኑም ሸተተ። መርፌ ወጥታ እየሄደች «አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም» ስትል ለራሷ አጉረመረመች።

ወደ ጣቢያው ከመመለሷ በፊት ሜዳውን ዞረች። ሟቹ ገምጋሚ ለውድድሩ መንገድ በታሰበው የመጨረሻ መታጠፊያ ላይ ቀይ ጨርቅ የታሰረባቸው እንጨቶች ተክሏል። እንጨቶቹን ተከትላ ሄደች፤ የመጨረሻው የቆመው በእናቶች ማዋለጃ ክሊኒክ ግቢ ውስጥ፣ ልብስ የሚሰጣበት ገመድ ሥር ነው።

በማግሥቱ፣ ቀብሩ ሳይደርስ፣ ሁሉንም ጋራዡ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። መኪናዋ ተጎትታ ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ቆማለች። አዛዡ ልጅቷን እጇን አስሮ አመጣት። ሊቀመንበሩ ያው ጥቁር ልብሱን ለብሷል። ከንቲባው ሰዓቱን ያያል። ካላንደር የድምፅ መቅጃውን ሊያወጣ ሲል መርፌ «ኪስህ ይግባ» አለችው።

«አጭር ላድርገው፤ ቀብር አለብን። ሟቹ የተመታው ከኋላ ነው። በፊቱ የተጋጨ ሰው ማጅራቱ አይፈነከትም፤ ጎማ ደግሞ ለስላሳ ነው። ስለዚህ ሲጋጭ ሞቶ ነበር። እንደ ልማዱ ያለ መሪ ተቀምጦ ሳለ አንድ ሰው ከኋላው ቆመ። ከመታው በኋላ ነድቶ የሞተ እንዲመስል መሪውን ሰካበትና መኪናውን ቁልቁል ገፋው።»

«ልጅቷም ልትሰካው ትችላለች» አለ አዛዡ።

«ቢጫው ምልክት የት እንደሚሆን ለአዛዡ ንገሪው።»

«ወደ ላይ» አለች ልጅቷ።

«ወደ ታች ነበር፤ ጎማዎቹ ግን ቀጥ ብለዋል። እሷ እንዲህ አትገጥመውም፤ አባቷም። የገጠመው ሥራውን የማያውቅ ሰው ነው። ካላንደር፣ አንተ ታውቃለህ?»

«ሕፃንም ያውቀዋል! ቢጫው ወደ ላይ ነው» አለ ካላንደር፤ ከዚያ የመኪና ነገር የማያውቅ ማን እንደቀረ ገብቶት ከሊቀመንበሩ አንድ እርምጃ ራቀ።

«ሁለተኛ፣ መሪው ናፍታሌን ናፍታሌን ይሸታል። ልጅቷ ደብቃው የነበረው አጎቷ ቁም ሳጥን ውስጥ ነው። ሟቹ አወጣው እንበል? ታላቁ ሲገባ አንካሳ እግሩን እየጎተተ የሚነሳ ሰው የታላቁን ቁም ሳጥን ይከፍታል? አይከፍትም። እዚያ ልብስ የሚያነሳ ሰው አንድ ብቻ ነው።» ወደ ሊቀመንበሩ ዞረች። «አባቴ፣ መሪውን በዓይኔ አላየሁትም አሉኝ። ኮትዎን ይክፈቱልኝ።»

ሊቀመንበሩ አልከፈተም። አዛዡ ከፈተው። ቀዩ እድፍ ገበሩ ላይ አለ፤ ልጅቷ ሳታስበው የገዛ ጥፍሮቿን አየች።

«መሪው የኮቱን ገበር ተደግፎ ሰንብቶ የመካኒኳን ግሪስ አትሞበታል። እርስዎ ልብስ ሲያነሱ ያገኙትን መሪ አወጡ፤ ግሪሱ ገበር ውስጥ ስለሆነ አላዩትም። ለሐዘንም ያንኑ ኮት ለበሱ።»

«ለምን እገድለዋለሁ?» አለ ሽማግሌው። «‹አዎ› ብሎኝ ሳለ ለምን?»

«‹አዎ› አላለዎትም። መኪና መንገድ ቢስት የሚቆምበት ባዶ ቦታ ያስፈልጋል፤ የእሱ እንጨቶች የሚያልቁት ማዋለጃ ክሊኒኩ ግቢ ነው። አራስ አልጋ ላይ ‹አዎ› የሚል ሰው አልነበረም።»

ሊቀመንበሩ የሚቀመጥበት ፈለገና አጥቶ የመኪናዋን ጎማ ተደገፈ።

«‹ጋሼ፣ አይሆንም። ከማንም በፊት ላንተ ልንገርህ ብዬ ነው› አለኝ» አለ ቀስ ብሎ። «ክሊኒኩን እናስነሳዋለን አልኩት። ‹እንዲህ አትበል፣ ያንተን ስም አላነሳም፣ አንገታችንን ደፍተን በሰላም እንኖራለን› አለኝ። ጀርባውን ሰጥቶኝ ተቀምጧል። ሰው ሁሉ አጥሩን አፍርሶ ሰጥቶኛል... አዳራሹ ይጠብቀኛል... የክሪክ ብረቱ እግሬ ሥር ነበር። እኔ ግን ዝም እንዲል ነው እንጂ...»

«ጀርባውን የሰጠዎት ስላመነዎት ነው» አለች መርፌ። «ከማንም በፊት ባይነግርዎት ኖሮ ዛሬ በሕይወት ነበር። አክብሮቱን ነው በብረት የመቱት። ከዚያ አዳራሽ ገብተው አስጨበጨቡ፤ ልጁን ደግሞ በሱ ደም አሳሰሩ።»

ልጅቷ አጎቷን አየችው። «ጋሼ...» አለች።

አዛዡ ሰንሰለቱን ከእሷ እጅ ፈትቶ ወደ ሽማግሌው እጅ አዛወረው። ይዘውት ሲወጡ ማንም አልተከተለውም፤ ትናንት ሲገባ የሚነሱለት ሁሉ ዛሬ ግድግዳ ግድግዳውን ያያሉ። ከንቲባው ጉሮሮውን ጠራረገ።

«መርማሪ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ። ሟቹ ይህን ‹አይሆንም› ያሉትን ነገር... ለላይኞቹ ልከውታል?»

«አልላከም። ቅድሚያ የሰጠው ለወንድሙ ነው።»

ከንቲባውና ካላንደር ተያዩ። ፊታቸው ላይ የበራውን ነገር መርፌ በሥራ ዘመኗ ካየቻቸው ሬሳዎች ሁሉ በላይ ተጸየፈችው።

«እንግዲያው ሌላ ገምጋሚ ይልካሉ!» አለ ካላንደር። «በሕጉ መሠረት እንደ አዲስ ነው የሚታየው። ዕድላችን እንዳለ ነው!»

«ክሊኒኩ ደግሞ እኮ አርጅቷል» አለ ከንቲባው እያሰበ። ከዚያ ወደ ልጅቷ ጠጋ አለ፤ ድምፁን አለዘበ። «እህቴ፣ አንቺ መቼም ቦታውን ታውቂዋለሽ። ከልብሽ ንገሪኝ፤ ይመጣል ወይስ አይመጣም?»

ልጅቷ መሪውን ከመኪናዋ ነቀለች። በሥራ ጨርቋ ጠረገችው፤ ቢጫውን ወደ ላይ አድርጋ ደረቷ ላይ አቀፈችው።

«አባቴን ልቅበር» አለች። «አሳልፉኝ።»

መንገድ ለቀቁላት። ገና ከግቢው በር ሳትወጣ ካላንደር ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ «ከታማኝ ምንጭ» ማለት ጀምሮ ነበር። መርፌ ጋራዡ ጥግ ካለው ቧንቧ ሄዳ፣ ምንም ያልነካውን እጇን በግሪስ ማስለቀቂያው ሳሙና ደጋግማ ታጠበች። ከዚያ ልጅቷን ተከትላ ወደ ቀብሩ ሄደች።