ወፍጮው ዝም ያለ ለት

ሲድራ የጀላልን ጀርባ ያወቀችው ከፊቱ በፊት ነበር። ከኮምቦልቻ በሚኒባስ አምጥተው፣ ደሴ ከወፍጮ ቤት ጎን ባለው፣ እሷ በምትሠራበት ትንሽ ክሊኒክ በሆዱ አስተኝተውታል። የኤሌክትሪክ ማሽኑን ተለጣፊ ኤሌክትሮዶች አከርካሪው ላይ ስታሳርፍ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው እንዳዞረ ተናገረ።

«እህቴ፣ እኔ በያጅ ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ በኤሌክትሪክ ብረት ሳጣብቅ ኖሬ፣ ዛሬ እኔኑ ልታጣብቂኝ ነው?»

«ዝም ካላልክ አፍህንም ጭምር።»

ያኔ ዞር ብሎ አያት። ሲድራ ሥራዋን ቀጠለች፤ አንዱን ኤሌክትሮድ ግን አጣማ ለጥፋ እንደገና ማንሣት ነበረባት።

ጣሪያ ሲበይድ ወድቆ ነው። ሕብለ ሠረሠሩ ተጎዳ እንጂ ጨርሶ አልተቆረጠም፤ ሲድራም ተስፋ ያደረገችው ያንን የተረፈውን ቀጭን መንገድ ነበር።

«ማሽኑ እግርህን አያንቀሳቅስልህም» አለችው። «ከጉዳቱ በታች ያሉት ነርቮች እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ኤሌክትሪኩ ይቀሰቅሳቸዋል። አዛዡ አንተ ነህ።»

«ካልሰሙኝስ?»

«ትደግምላቸዋለህ።»

ለወራት ደገመ። አንድ ጠዋት ማሽኑ እየሠራ ሳለ የቀኝ እግሩ አውራ ጣት ተነሣ። እናቱ ዐሊማ ሊጮኹ ሲሉ ሲድራ እጇን አነሣች። ዐይኑን አስጨፈነችው፤ ሳታዝዘው ጠበቀች። ጣቱ ዝም አለ። አዘዘችው፤ ተነሣ። ማሽኑን አጠፋች፤ ጣቱ ድንጋይ ሆነ። አበራች፤ እንደገና ተነሣ። ሳቀች። ጀላል ጣቱን ትቶ ሳቋን ያይ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሲድራ እሱ በሚመጣበት ቀን ከጠዋቱ ጀምሮ መስኮት መስኮት ታይ ጀመረች።

አንድ ቀን ዐሊማ በረንዳው ላይ እጇን ያዙ።

«ልጄ፣ ጀላል ምሏል። ‹ጣቴ ያለ መብራት ካልተንቀሳቀሰ ለማንም ሴት ሽማግሌ አልልክም› ብሏል። እሱ ‹ለማንም› ይበል እንጂ፣ ለማን እንደሆነ እኔ አልጠፋኝም። አንቺስ?»

የሲድራ ጉንጮች ነደዱ። በማግስቱ የሥራ ባልደረባዋን ኪዳኑን ጠራችው።

«ጀላልን አንተ ያዝልኝ።»

«ምን አደረገሽ?»

«ምንም። ከእንግዲህ በእሱ ነገር የእኔን ዐይን አትመን። ጣቱ ሳይንቀሳቀስ ተንቀሳቀሰ ትላለች።»

ኪዳኑ ለረጅም ጊዜ አያትና «እሺ» ብቻ አለ።

ለጀላል ግን ማንም ምክንያቱን አልነገረውም። ተስፋ ቆርጣብኝ ነው ብሎ ደመደመ። ቀልዱን ተወ። ሲድራ በበሩ ስታልፍ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞር ጀመር።

በዚያው ሰሞን፣ ሰኞ ገበያ ጨርቅ የሚነግዱት አባቷ ሐጂ አብዱልባሲጥ፣ ሲድራን የሚጠይቅ ሽማግሌ ከአንድ ነጋዴ ቤት መጣባቸው። «መልሱን ለጁምዓ» ብለው ሸኙ። ሲድራ የጀላልን ስም አላነሣችም። ስላልጠየቃት ሰው ምን ትበል?

ሐሙስ ረፋዱ ላይ፣ ትራስ ይዛ በበሩ ስታልፍ የኪዳኑን ድምፅ ሰማች።

«አውራ ጣት፣ ወደ ላይ!»

ጣቱ ተነሣ።

«ጥሩ፣ እንደ ትናንቱ ነው» አለ ኪዳኑ።

ሲድራ ግን አንድ ነገር ጎደላት። ቀኑን ሙሉ ግድግዳውን የሚያንቀጠቅጠው ወፍጮ ዝም ብሏል። ማሽኑን አየች። አረንጓዴዋ መብራት የለችም። ልትጮህ ነበር፤ ትራሱን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች።

«ኪዳኑ፣ ወፍጮው ይሰማሃል?»

«የምን ወፍጮ አመጣሽ?» አለና ጆሮውን ሰጠ። ማሽኑን አየ። ሶኬቱን ነቀለ፤ ኤሌክትሮዶቹንም ከጀላል ጀርባ አንድ በአንድ አነሣ።

«ድገም።»

«ምን ተፈጠረ?»

«መብራት ጠፍቷል። ድገም!»

የጀላል ፊት ተለወጠ። ጣቱን አዘዘ። ምንም። እንደገና አዘዘ። ምንም። ግንባሩን ላብ አጠመቀው።

«አብሽር፣ ልጄ!» አሉ ዐሊማ ከጥግ።

ጣቱ ተነሣ። ቀስ ብሎ፣ እየተንቀጠቀጠ፤ ግን ተነሣ።

ሁሉም ኪዳኑን አዩ።

«አየሁ» አለ። «ወላሂ፣ አየሁ!» ክርስቲያኑ ኪዳኑ ወላሂ ማለቱን ያስተዋለ አልነበረም።

የዐሊማ እልልታ ጣሪያውን ሊያነሣው ደረሰ። መብራት ጠፍቶባቸው የቆሙት የወፍጮ ቤት ሴቶች ዱቄት እንደለበሱ ሮጠው መጡ።

«ማን ወለደች?»

«እኔ!» አሉ ዐሊማ። «እንደገና ወለድኩት!»

ግርግሩ ሲበርድ ሲድራ አልጋው አጠገብ ቆመች።

«ለምን ተውሽኝ?» አላት ጀላል።

«አልተውኩህም። እናትህ መሐላህን ነግረውኛል። ከዚያ በኋላ ጣትህ እንዲንቀሳቀስ የምመኘው ለአንተ ብቻ አልነበረም። ለራሷ የምትመኝ ዐይን እንዴት ትመሰክራለች?»

ግድግዳው ብርር አለ፤ መብራት መጥቶ ወፍጮው ተነሥቷል።

«መሐላዬ ጎደሎ ነበር» አለ ጀላል ቀስ ብሎ። «ጣት ምን አላት? ቆሜ ስሄድ እልካለሁ።»

«ቆመህ መሄድህን እኔም ኪዳኑም አናውቅም። ጣትህን ነው ያየነው፤ ከዚያ በላይ ቃል አልገባልህም» አለችው። «ግን ኒካህ ቆሞ ሲታሰር አይተህ ታውቃለህ?»

ጀላል ዐይኖቿን አየ። ቀስ በቀስ ያ የጠፋው ፈገግታው ተመለሰ።

«ተቀምጦ ነው» አለ።

«ተቀምጦ ነው። አባቴ ለሌላ ሰው ሽማግሌ የሚሰጡት መልስ ደግሞ ለነገ ነው የተቀጠረው።»

የጀላል ሽማግሌዎች ጁምዓ በጠዋት ሰኞ ገበያ ደረሱ። ሐጂ አብዱልባሲጥ ሲድራን አስጠርተው ልቧን ጠየቁ፤ ሰሟትም። ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ።

«ሰውየው መቆም አይችልም ይሉኛል።»

«ሐጂ» አሉ አንዱ ሽማግሌ፣ «እርስዎስ እዚህ ሱቅ ውስጥ ቆመው ውለው ያውቃሉ?»

ሐጂ ከተቀመጡበት ወንበር ሳይነሡ እስኪያስላቸው ሳቁ።

በኒካሁ ዕለት ሐጂ አብዱልባሲጥና ጀላል ጉልበት ለጉልበት ገጥመው፣ ቀኝ እጃቸውን ተጨባብጠው ተቀመጡ። ሲድራ ከሴቶቹ ክፍል በመጋረጃው ስንጥቅ ታያለች። ጀላል «ተቀበልኩ» ሲል ባዶ እግሩ ላይ አውራ ጣቱ ብድግ አለች።

ኪዳኑ ከእንግዶቹ መሀል ተቀምጧል። ሲድራ በዐይኗ ፈልጋ አገኘችው፤ አየህ? እንደማለት ቅንድቧን አነሣች።

ኪዳኑ ራሱን ነቀነቀ። አይቷል።