ሁለተኛውን እሳት ያላየ ብስኩት

ብስኩቱ አልተሰበረም። ብሪቴስ በሁለት እጇ ይዛ ስትጫነው ቀጭ ብሎ ለሁለት መከፈል ሲገባው፣ እንደ ትናንት ዳቦ ተለመጠ። መሃሉን ቆርሳ በጣቷ ነካችው። እርጥብ ነው። 

ከሌላ ጆንያ አወጣች፤ እሱም ያው ነው። ግድግዳውን ተደግፈው የቆሙት ጆንያዎች ደግሞ በሙሉ ዛሬ ወደ መርከብ የሚጫኑ ናቸው።

«ሜሲያ! እስቲ ወዲህ ነይ!»

ሜሲያ መጥረጊያዋን እየጎተተች መጣች። ሁለቱም አሥራ አራት ዓመታቸው ነው፤ በእትዬ ጊዮማር የመርከብ ብስኩት ቤት ሥራ የጀመሩትም አንድ ላይ ነው። ብሪቴስ ግን ሲመሽ እናቷ ቤት ትገባለች። ሜሲያ እናትም ቤትም የላትም፤ የምታድረው እዚያው ዱቄት ክፍል ውስጥ ነው።

«ይኼ ሁለተኛ እሳት አይቷል?»

«አይቷል እንጂ! ምን በጠዋቱ ትነዘንዢኛለሽ?»

«እንግዲያው ብዪው።»

ሜሲያ ብስኩቱን ተቀብላ አገላበጠችው። አልበላችውም።

የመርከብ ብስኩት አንዴ ተጋግሮ አያበቃም። ከበረደ በኋላ ተመልሶ ምድጃ ይገባና በዝግታ፣ ድንጋይ እስኪመስል ይደርቃል። ይህን የማያውቅ የሊዝበን ልጅ የለም። ውስጡ እርጥበት የቀረበት ብስኩት ባሕር ላይ ይሻግታል፣ ይተላል፤ ህንድ ደግሞ የጎረቤት አገር አይደለም፣ የወራት መንገድ ነው።

«እሳቱ ጠፋብኝ» አለች ሜሲያ በመጨረሻ።

«እንዴት ይጠፋብሻል? ተረኛዋ አንቺ አልነበርሽም?»

«ዝሆኑን ላይ ሄጄ ነዋ!»

ዝሆኑ! ባለፈው ሳምንት ከህንድ የመጣው ዝሆን በመለከት ታጅቦ በከተማው ሲያልፍ፣ ሥራው ላይ የቀረ ሰው ነበር ቢሉ ማን ያምናል? ልብስ ሰፊው መርፌውን፣ ዓሣ ሻጯ ቅርጫቷን ጥለው ወጥተዋል። ብሪቴስ ብቻ ያን ቀን አሟት ተኝታ ነበር። ኋላ ሜሲያ ኩምቢውን በክንዷ እየሠራች ስትነግራት በቅናት ድብን ብላለች። ለካ እሳቱ የጠፋው ያኔ ነው።

«ልመለስ ስል መንገዱ ሰው በሰው ሆነ። ስደርስ አመድ ብቻ ነው የጠበቀኝ። እትዬ ጊዮማር ቢያውቁ ያባርሩኛል፣ ዝም ብዬ ጆንያ ውስጥ ከተትኩት። አንቺስ ብትሆኚ አትሄጂም ነበር? እውነቱን ተናገሪ!»

ትሄድ ነበር። ብሪቴስን ያናደዳትም ይኼው ነው።

«የየትኛው መርከብ ነው?»

ሜሲያ ፈጠን ብላ እጇን ያዘቻት። «የሎፖ አይደለም! ማርያምን! የሎፖን መርከብ ጆንያ ከደህናው ነው የሞላሁት፣ ላንቺ ስል። ይኼ የሌላኛው ነው።»

ሎፖ የብሪቴስ ወንድም ነው። ወንዙ ዳር በሚሠራው አዲስ ቤተ ክርስቲያን ላይ በድንጋይ ላይ የገመድና የዛጎል ቅርጽ ሲጠርብ ሲጠርብ፣ ባሕሩን በዓይኔ ካላየሁ ብሎ እንቅልፍ እምቢ አለው። አሁን ህንድ ውስጥ ምሽግ ሊገነቡ ከሚሄዱ ግንበኞች ጋር ተቀጥሯል። እናታቸው ስታለቅስ ነው የከረመችው።

ተመስገን፣ የሎፖ አይደለም። ብሪቴስ መጀመሪያ የተሰማት እፎይታ ነበር። ወዲያው በራሷ አፈረች። የዚያኛው መርከብ ሰዎች እህት የላቸውም እንዴ?

«እንናገር» አለች።

«አብደሻል? መርከቦቹ ነገ ይሄዳሉ፤ ወደ ህንድ የሚወስደው ነፋስ ካለፈ አለፈ ነው። አዲስ ለመጋገር ጊዜ የት አለ? ደህናውን ለሁለቱ መርከብ ነው የሚያካፍሉት። ወንድምሽን ልታስርቢው ነው?»

 በዚህ መሃል በሩ ላይ ጋሪ ቆመና አንድ ረጅም፣ ፊቱን ፀሐይ ያከሰለው መርከበኛ ገባ። ሲስቅ የፊት ጥርስ እንደሌለው ይታያል።

«እንዴት አደራችሁ ቆንጆዎቹ! የኛ መርከብ ቀለብ ይኼ ነው?»

«አዎ» አለች ሜሲያ፣ መሬት መሬት እያየች።

አንዱን ጆንያ ሊያነሳ ጎንበስ ሲል ብሪቴስ፣ «ጋሼ፣ አይቀምሱትም እንዴ?» አለችው። ድምፅዋ ቀጥኖባታል።

«በምን ጥርሴ? ጥርሴን ባሕር ወሰደው!» አንድ ብስኩት አወጣና ላዩ ላይ የታተመችውን የቁልፍ ምስል በአውራ ጣቱ ዳበሳት። የእትዬ ጊዮማር ማህተም ናት፤ የምትታተመው ገና ሊጥ ሳለ ነው። «እኔ ይቺ ቁልፍ ካለች ሌላ አላይም። ባለፈው የሌላ ቤት ብስኩት ሰጥተውን፣ ትሉን ላለማየት ዓይናችንን ጨፍነን ነበር የምንበላው። ያንን ከበላነው መሃል ብዙዎቹ አልተመለሱም። ምን ይደረግ፣ ባሕር መሃል ዳቦ ቤት የለ!» ብሎ ሳቀና ጆንያውን ተሸክሞ ወጣ።

ሜሲያ የብሪቴስን ክንድ ጨመቀች። «ዝም በይ፣ በናትሽ። አንቺ ቤት አለሽ። እኔ የት እገባለሁ?»

እውነቷን ነው።  መርከበኛው ተመልሶ ገባ፣ ሌላ ጆንያ ተሸከመ፣ ወጣ። በተከፈተው በር ወንዙ ይታያል። ሎፖን ወደ መርከቡ የምታደርሰው ጀልባ ደህናዎቹን ጆንያዎች ጭና ከዳር እየተላቀቀች ነው። ሎፖ ጆንያዎቹ ላይ ጉብ ብሏል።

ብሪቴስ ክንዷን አስለቀቀች።

«እትዬ ጊዮማር ጓዳ ናቸው። ሄደሽ አንቺው ንገሪያቸው፤ ከእኔ ከሚሰሙት ካንቺ ይሻላል። ካባረሩሽ እኛ ቤት ትመጫለሽ። የሎፖ አልጋ ባዶ ነው።»

«ሎፖስ?» አለች ሜሲያ። «ስለ ሎፖ ምንም አይሰማሽም?»

ብሪቴስ ወደ በሩ አመራች። ብትመልስ እግሯ የሚቆም መሰላት። ወጥታ በጋሪው አጠገብ ስታልፍ፣ «ጋሼ፣ አይጫኑት፣ ትንሽ ይቆዩ» አለችና ደህናዎቹን ጆንያዎች ልታስመልስ ወደ ወንዙ ሮጠች።

«ሎፖ! ተመለሱ!»

ሎፖ ስንብት መሰለው። ቆቡን አውልቆ እየሳቀ አውለበለበላት። ቀዛፊዎቹም ሳቁ።

ብሪቴስ ዕንባዋን በክንዷ ጠርጋ እስከ ጉልበቷ ውሃው ውስጥ ገባች። ከዚያ ደግማ፣ ከፊተኛው ይልቅ ጮክ ብላ ተጣራች።