ሱሉልታ የቀረው መዝገብ

ታመነ ከፍሳሽ ጉድጓዱ ሲወጣ ሞቶ ነበር። ከወላይታ መጥቶ ሰበታ ባለው ቆዳ ፋብሪካ አምስት ዓመት ሠርቷል። አስከሬኑ በሸራ እንደተሸፈነ፣ የቴክኖሎጂ ኃላፊው ኤርምያስ አፍንጫውን በመሀረብ ይዞ ኢንስፔክተር ዕድላዊትን ሊሸኛት ሞከረ።

«እህቴ፣ አትድከሚ። እነዚህ ሰዎች አያነቡም። መመሪያው ጉድጓዱ ተከፍቶ መርዛማው ጋዝ እስኪወጣ ሳይናፈስ አትግቡ ይላል። ኮምፒውተሩ ላይ ፈልጊ፣ ቀድሞ የሚመጣው እሱ ነው።»

ፈለገች። እውነትም መጣ።

ከሟቹ ኪስ ግን የዚያን ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የታተመ ወረቀት ወጣ። አሮጌው መመሪያ ነበር፤ ስለ ማናፈስ አንድም ቃል የለውም። ታመነ ፈልጎ ነበር፤ ያገኘው ይህን ነው።

ዕድላዊት ወጣቱን ቴክኒሻን ፈሀድን ጠራችው። መዳፉን ገመድ ልጦታል።

«አዲሱን መመሪያ ከፍለጋው መደበቅ ይቻላል?»

«የአንድ መስመር ትእዛዝ ይበቃዋል። ኤርምያስ በስክሪፕት፣ ትእዛዞቹን አስቀድሞ በጻፈበት ፋይል፣ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ባሉት ቅርንጫፎቻችን ያሉትን የፍለጋ ሰርቨሮች በአንዴ ያዛል። እኔ በማውስ አንድ በአንድ ነው የምነካካው።»

«ትእዛዙ ይመዘገባል?»

«በየሰርቨሩ።»

የሰበታው መዝገብ የሦስት ሳምንት ታሪክ ጎድሎታል።

ሥራ አስኪያጇ ወይዘሮ ብርቅዬ ሰዓቷን አየች። «ለአንድ ጉድጓድ ጠራጊ ይህ ሁሉ?»

ዕድላዊት ታክሲ ተሳፍራ ቡራዩ፣ ከዚያም ሱሉልታ ሄደች። በማግስቱ ሁሉንም ስብሰባ አዳራሽ ሰበሰበቻቸው።

«ሱሉልታ ላይ ሁለት ትእዛዞች አሉ» አለች። «አንዱ ከሦስት ሳምንት በፊት አዲሱን መመሪያ ይደብቃል። ሌላው ትናንት አራት ሰዓት ከስድስት ደቂቃ ላይ ይመልሰዋል። ሦስቱም ከተሞች በአንድ ሰከንድ ውስጥ ነው የታዘዙት፤ ይህ የማውስ ሥራ አይደለም። የትናንቱ በፈሀድ ስም ነው።»

ኤርምያስ ፈገግ አለ። «ይኸው።»

«በዚያ ደቂቃ ፈሀድ በገመድ ታመነን እየጎተተ ነበር። አርባ ሰው አይቶታል።»

«ትእዛዙ በዚያ ሰዓት በራሱ እንዲሄድ አስቀድሞ ቀጠሮ ሰጥቶት ይሆናላ።»

«ስክሪፕቱ የተፈጠረው አራት ከአምስት ላይ ነው፤ ሰው ሞተ ተብሎ ከተጮኸ በኋላ። ለፈሀድ የይለፍ ቃሉን የሰጡት እርስዎ ነዎት። የመጀመሪያው ትእዛዝ ደግሞ በራስዎ ስም ነው፤ ያኔ መደበቅ አላስፈለገዎትም፣ ማን ያየኛል ብለዋላ። ትናንት የሰበታውን አጠፉ፣ የሌሎቹን ተዉ። ለጉድጓድ ጠራጊ ብሎ ሱሉልታ ድረስ የሚሄድ ፖሊስ አለ ብለው አላሰቡም።»

ፈገግታው ጠፋ። ጣቱን ወደ ብርቅዬ ቀሰረ። «ደብቀው ያለችኝ እሷ ናት። ሲያናፍሱ ግማሽ ቀን ሥራ ይቆማል ብላ።»

«ግባ ብሎ ማን አስገደደው?» አለች ብርቅዬ፣ ድምፅዋን እንኳ ሳትቀይር።

ዕድላዊት እንደ ቆሸሸ ዕቃ አየቻት። «ቦርሳዎን ያንሱ፤ ሁለታችሁም ከእኔ ጋር ትሄዳላችሁ።»

በዚያው ሳምንት ፈሀድ አዲሱን መመሪያ አትሞ በየጉድጓዱ አፍ ለጠፈው። ክዳኖቹ ተከፍተው ዋሉ። ሠራተኞቹ ዳር ላይ ተቀምጠው ጠበቁ፤ እስከ ቀትር ማንም አልገባም፣ ግቡ ያላቸውም የለም።